የላክሁትን መቁጠሬ እናቴን መካድ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሰሞን በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ አንድ አባት፣ ከዐረብ አገር ተመልሰው በላኩት ገንዘብ ከእናታቸው ጋር ስለሚካሰሱ ሴቶች ጽፈው ነበር። ለእናት የተሰጠ ገንዘብ አይቆጠርም፤ ዘጠኝ ወር የተሸከመች እናት ሒሳብ አትጠየቅም፤ የምትጠይቅ ልጅ ካለችም እርጉም ናት የሚል ነበር የሐሳባቸው ፍሬ። በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። እኔ እናቴን አልከሰስሁም፤ አልከስስምም። የላክሁትን ግን ቆጥሬያለሁ። ከእናቴ ፊት ተቀምጬ፣ ደብተር ዘርግቼ ነው የቆጠርሁት። ስለዚህ ለእኒህ አባት መልስ ሳልሰጥ ማለፍ አልቻልሁም።

ኮምቦልቻ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁንም እዚያው ትንሽ የባልትና ሱቅ ያለኝ ሴት ነኝ። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ነበር፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ሞተብን። እናቴ እኔን፣ ወንድሜንና ገና ትምህርት ቤት ያልገባችውን እኅቴን ይዛ ቀረች። ለሱብሒ ሳይጠራ ተነሥታ ምጣድ እየጣደች፣ እንጀራ ለሆቴሎች እያስረከበች አሳደገችን። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ እናቴ ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች ሳታውቁ ቀጥሎ የምናገረውን እንዳታነቡት ብዬ ነው።

በ2004 ዓ.ም. ሪያድ ሄድሁ። ያን ዓመት የወሎ ሰው አይረሳውም። ሳዑዲ ከኢንዶኔዥያና ከፊሊፒንስ የቤት ሠራተኛ መቀበል ስታቆም ደላላው ሁሉ ፊቱን ወደ እኛ አዞረ። ከሐይቅ፣ ከሐርቡ፣ ከከሚሴ፣ ከመርሳ የወጣ የሴት ልጅ ቁጥር ስፍር አልነበረውም። እኔ 19 ዓመቴ ነበር፤ ፓስፖርቴ ላይ ያለው ዕድሜ 25 ነው። ደመወዜ 800 ሪያል ሲሆን ለራሴ ሳሙናና የስልክ ካርድ የምገዛበት ቀርቶልኝ ሌላው በእናቴ ስም ይላካል። በራሴ ስም የባንክ ደብተር አልነበረኝም። ለምን እንዳልነበረኝ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላሰብሁትም። ከሰፈራችን የሄዱት ሁሉ የሚልኩት በእናታቸው ስም ነው።

በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ማባረር ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። መንግሥታችንም ለቤት ሥራ ወደዚያ መሄድን ከለከለ፤ ክልከላው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። እኔ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስለነበረኝ አልተነካሁም። ነገር ግን ለዕረፍት ብመጣ መመለሻ እንዳላጣ ፈርቼ ቀረሁ። እናቴን ሳላያት የቆየሁት ስለዚህ ነው። አንዳንድ ሰው «አገሯን ረስታ» ይላል። አልረሳንም፤ በሩ እንዳይዘጋብን ፈርተን ነው።

በእነዚያ ዓመታት በእኔና በእናቴ መካከል የሆነውን ነገር ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ስሄድ «ከመግሪብ በኋላ ከቤት እንዳትወጪ» የምትባል ልጅ ነበርሁ። ዓመት ሳይሞላ የቤቱ አባወራ ሆንሁ። ወንድሜ የት ይማር፣ ብሎኬቱ ከየት ይገዛ፣ ለአባታችን ሰደቃ በግ ይታረድ ወይስ ፍየል፣ የአክስቴ ልጅ ስትዳር ስንት እንስጥ፣ ሁሉም እኔን ሳይጠይቅ አይደረግም። ማዳም፣ አሠሪዬ፣ ከተኛች በኋላ ማድ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እወስን ነበር። እናቴ «አንቺ ካልሽ» ትለኛለች። አባቴን ነበር እንደዚያ የምትለው።

ከዚያ በ2015 ዓ.ም. ተመለስሁ። በተመለስሁ በሳምንቱ አንዲት የድሮ ጓደኛዬ ዘንድ ቡና ጠጥቼ አመሸሁ። ስገባ እናቴ በር ላይ ቆማ «የት ነበርሽ?» አለችኝ። ጎረቤት ምን ይላል፣ ዐረብ አገር የቆየች ሴት ስሟ በቀላሉ ይነሣል፣ ይህን ጉርድ ሸሚዝ ሁለተኛ እንዳላይብሽ። ለቤቷ ምሰሶ የነበርሁ ሴት፣ ሻንጣዬን ሳላራግፍ ተመልሼ የ19 ዓመት ልጅ ሆንሁ። እናቴን ስታዘባት ግን ሌላም ነገር አየሁ። እሷም የምታውቀኝ እስከዚያ ዕድሜዬ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለችውን ሴት አሳድጋት አታውቅም፣ ስትቆጣ አላየቻትም፣ ስትታመም ግንባሯን አልዳሰሰችም። የምታውቀውን ልጅ ፈልጋ ነው በር ላይ የቆመችው። ጋዜጦች «የተመላሾች የመቀላቀል ችግር» እያላችሁ ስትጽፉ አያለሁ። ሥራ ማጣትን ነው የምታነሡት፤ እሱም እውነት ነው። ከገዛ እናት ጋር እንደ አዲስ መተዋወቅ ምን ያህል እንደሚከብድ የጻፈ ግን አላየሁም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ።

ቤታችን ያለው ከአባታችን በወረስነው ቦታ ላይ ነው፤ ካርታው በእናቴ ስም ነው። የጭቃ ቤቱ ፈርሶ በብሎኬት ተሠርቷል፤ ቆርቆሮው፣ በርና መስኮቱ ገብቷል። ቀሪው ሊሾና ኮርኒስ፣ ከጓሮ ደግሞ ለኪራይ የሚሆኑ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. እናቴ በኢሞ ደውላ «ለሊሾና ለኮርኒስ ሠራተኛ አግኝቻለሁ» አለችኝና ያጠራቀምሁትን ላክሁ። ከዚያ ለሰርቪሱ ብላ ጠየቀችኝ፤ ከማዳም የሁለት ወር ደመወዝ አስቀድሜ ወስጄ ላክሁ። ስመለስ ወለሉ አፈር ነው። ቀና ስል ቆርቆሮው ይታየኛል። ከጓሮው ያለው የሽንኩርት መደብ ነው።

የመጀመሪያውን ወር አልጠየቅሁም። እሷም አልነገረችኝም። ምሳ እንበላለን፣ ቡና እንጠጣለን፣ ሁለታችንም ወለሉን አናይም። ከዚያ አንዲት ጎረቤታችን፣ እሳቸው የማውቅ መስሏቸው፣ በቡና ላይ «አብሽሪ ልጄ፣ የላክሽው ገንዘብ ወንድምሽን ከሞት ገዝቷል፤ ከዚህ በላይ ምን አለ?» አሉኝ። ስኒዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

ወንድሜ በዚያ ዓመት በጅቡቲ በኩል ኦቦክ ደርሶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ የመን ገብቶ ነበር። ራስ አል ዓራ ላይ ደላሎቹ ይዘው አሰሩት። እየደበደቡት ለእናቴ እያስደወሉ 70,000 ብር ጠየቋት። ለሊሾ ያልሁት፣ ለሰርቪስ ያልሁት ገንዘብ እዚያ ነው የገባው። እኔ ወንድሜ ደሴ ሥራ አግኝቷል ተብዬ ስደሰት ነበር። እሱ ኋላ ሳዑዲ ውስጥ ጂዛን ደርሶ ተይዞ፣ ታስሮ ተመለሰ፤ አሁን ባጃጅ ይነዳል።

እናቴን ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት የመለሰችልኝን ቃል በቃል ልጻፈው፤ «ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር? ከፎቁ ትዘይ ነበር። አንዱ ልጄ ባሕር ማዶ ታስሮ ሌላዋን በሬሳ ሣጥን እንዳልቀበል ነው ዝም ያልሁት።» በዚያን ጊዜ ከሰፈራችን ከሳዑዲና ከቤይሩት ሬሳ የተቀበለ ቤት ነበር። እናቴ የምትለውን ታውቃለች።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ተናደድሁ እንጂ አልለዘብሁም። አንባቢ ይህን አይወድልኝ ይሆናል። ወንድሜ በመዳኑ አላህን አመሰግናለሁ፤ ተጠይቄ ቢሆን ኖሮ ከዚያም በላይ እሰጥ ነበር። ያናደደኝ አለመጠየቄ ነው። ለሳምንታት በአንድ ቤት ውስጥ የምንነጋገረው «እንጀራው የት አለ»፣ «በሩን ዝጊ» ብቻ ሆነ። እኅቴ በሁለታችን መካከል መልእክተኛ ሆነች።

እኔም ያልነገርኋት ነበር። የግራ ክንዴ ከክርን በታች የዘይት ቃጠሎ አለበት፤ በአንድ ረመዳን ሌሊት ሳምቡሳ ስጠብስ የደረሰብኝ ነው። ሐኪም ቤት አልተወሰድሁም። ለእናቴ ቪዲዮ ስደውል ረጅም እጅጌ ለብሼ ነበር፤ ከዚያ በኋላም እጅጌዬን አልሰበስብም። በዚያ ዝም በተባባልንበት ሰሞን ለውዱእ እጅጌዬን ስጠቀልል አየችው። ያን ዕለት ምንም አላለችም። በማግስቱ አጠገቤ ቁጭ ብላ ክንዴን ይዛ «ይህስ ለሊሾ ነበር ወይስ ለቆርቆሮ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ነው መነጋገር የጀመርነው።

አጎቴ ባለበት፣ ወንድሜና እኅቴ ባሉበት ደብተር ገዝቼ መጣሁ። እኒያ አባት ነውር ያሉት ይህንን ነው። ዓመት በዓመት ጻፍነው፤ ከደረሰኝ ያለው በደረሰኝ፣ የሌለው በማስታወስ። እኔ የላክሁትን እላለሁ፣ እናቴ የዋለበትን ትላለች። ቆርቆሮው፣ ብሎኬቱ፣ የእኅቴ የኮሌጅ ክፍያ፣ የኢድ ልብስ፣ የእድር፣ የወንድሜ ነፍስ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ እስከ ኅዳር ማብቂያ ስልክም ባንክም ተዘግቶ ሳለ፣ እኔ ሪያድ ሆኜ ሞተዋል ወይስ አሉ እያልሁ እንቅልፍ ባጣሁባቸው ሌሊቶች እናቴ በዱቤ ያመጣችው ዱቄት፣ በኋላ በላክሁት የተከፈለው። ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ የተዘረፉት ያኔ ነው። ይህንንም ያወቅሁት ደብተሩ ላይ ነው፤ ስልኩ የተከፈተ ቀን «ሁላችንም ደህና ነን፣ ዕቃውም ደህና ነው» ነበር ያለችኝ።

ሒሳቡ ግን አልገጥም አለ። ቤቱ ላይ የዋለው እኔ ለቤት ብዬ ከላክሁት ይበልጣል። አጎቴ ሁለት ጊዜ ደመረው። በመጨረሻ እናቴ፣ ዓይኗን ወደ ምድጃው አድርጋ፣ በ2008 ዓ.ም. የሠርጓን ድሪና የብር አንባሯን ሸጣ በርና መስኮቱን እንዳስገጠመች ተናገረች። የእንጀራዋም ገንዘብ በየወሩ ለግንበኛ ምሳ፣ ለአሸዋ፣ ለውኃ ሲገባ ኖሯል። ማንም አያውቅም ነበር፤ ወንድሜ እንኳ አያውቅም። ሰፈሩ ሁሉ «ልጇ የሠራችላት ቤት» ነው የሚለው፤ እሷም አላረመችም።

እንግዲህ እኒያ አባት ይፍረዱኝ። ባልቆጥር ኖሮ የእናቴ ድርሻ ከቤቱ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ይቀር ነበር። እኔ በሆዴ «ገንዘቤን በላችው» እያልሁ፣ እሷ በሆዷ «ውለታዬን አላወቀችልኝም» እያለች እስክንቀበር እንኖር ነበር። አይቆጠርም የሚለው ምክር እናትን የሚያስከብር ይመስላል፤ በእኛ ቤት ያደረገው ግን ሁለታችንንም ሌባና ተሰራቂ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

ቀጥሎ ያለው ከገንዘቡም የከበደ ነበር። «እማዬ፣ ይህ ነገር በወረቀት ይሁን» አልኋት። ቀለሟ ተለወጠ። «ልትቀብሪኝ ነው? ከባዕድ ጋር እንጂ ከእናት ጋር ይጻፋል እንዴ?» አለች። እናት በሕይወት እያለች የቤት ነገር ማንሣት እንደ ሟርት ነው የሚታየው፤ አውቃለሁ። የምፈራው ግን እሷን አይደለም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እናት ስትሞት ልጆች እኩል ይካፈላሉ። ሁላችንም ተስማምተን ሸሪዓ ፍርድ ቤት ብንሄድ ደግሞ ወንድ የሴትን እጥፍ ይወስዳል፤ በእኛ ቤት ሲሰላ ለወንድሜ ግማሹ፣ ለእኔና ለእኅቴ ሩብ ሩብ ማለት ነው። የቤቱን አብዛኛውን ብሎኬት የገዛሁት እኔ፣ ለሩብ ነው የምቆመው። ወንድሜ ዛሬ «አልነካም» ይላል፤ አምነዋለሁ። ነገ ሚስት ያገባል፣ ልጆች ይወልዳል። ቃሉን የሰጠኝ እሱ እንጂ እነሱ አይደሉም።

አጎቴ አንድ ሸኽ ዘንድ ወሰደን። እናቴ የሄደችው እሳቸው እኔን ይገሥጹልኛል ብላ ይመስለኛል። እሳቸው አዳመጡና እንዲህ አሉ፤ ለወራሽ ኑዛዜ የለም፤ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ አይጸናም። ነገር ግን ልጅቷ ያስቀመጠችው ገንዘብ ከሆነ ከመጀመሪያውም የእናትየው ውርስ አይደለም፤ አማና፣ ማለትም አደራ፣ ነው። አማና ደግሞ ይጻፋል። በቁርኣን ከሁሉ ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራ ውስጥ ያለው፣ ዕዳ ስትዋዋሉ ጻፉት የሚል ነው። የሚጻፈው ሰው ስለማይታመን አይደለም፤ ሰው ስለሚረሳና ስለሚሞት ነው። እናቴ በመንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገረችም። ቤት ስንደርስ ግን እኅቴን «ያን ደብተር አምጪው» አለቻትና ከድሪው ዋጋ ጀምሮ እንደገና አስነበበች።

ወረቀቱ እስካሁን አልተፈጸመም። ስንጠይቅ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ እንደ ግልጽ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ካልተፈረመ ዋጋ የለውም ተባልን። ቦታው ከአባታችን የመጣ ስለሆነ የወንድሜና የእኅቴ ድርሻም አለበት። የእናቴ ድርሻ ደግሞ እንዲጻፍ የምፈልገው እኔ ነኝ፤ እሷ «ለእኔ ምን ያደርግልኛል» ትላለች። እዚህ ላይ ገና እየተከራከርን ነው።

ሌላም የምንከራከርበት አለ። እኅቴ ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ አጥታ ተቀምጣለች፤ ሳዑዲ ልሂድ ትላለች። አሁን በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 923 መሠረት ዕድሜዋ 18 የሞላና የሙያ ማረጋገጫ ያላት መሆን አለባት፤ ከእኔ ጊዜ የተሻለ ነው። እናቴ ትሂድ ባይ ናት። እኔ እንቢ እላለሁ። «አንቺ ሄደሽ የለም? ምን ሆንሽ?» ትለኛለች፤ ከዚያ ክንዴን ታያለች፤ ከዚያ ሁለታችንም እንነታረካለን። አንድ ነገር ላይ ብቻ ተስማምተናል። ይህንንም ያለችው እናቴ ናት፤ ከሄደች ከመሄዷ በፊት በራሷ ስም የባንክ ደብተር ታውጣ፣ ለቤት የምትልከው ይለይ፣ በስልክም የሚደበቅ ነገር አይኑር። የመጨረሻውን ስትል አላየችኝም።

ለእኒያ አባት አንድ ነገር ልበል። እናቶቻቸውን ፍርድ ቤት ያቆሙትን ሴቶች እኔም አላመሰግናቸውም። አንዳንዶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ሱቄ እየመጡ በርበሬ እያስመዘኑ የሚያለቅሱ አሉ። ከሳሽዋም ተከሳሽዋም ታለቅሳለች። ፍርድ ቤት የደረሱት ስለቆጠሩ አይደለም፤ ቤታቸው ውስጥ የሚቆጥሩበት ቦታ፣ አብሯቸው የሚቀመጥ አጎት፣ የሚያስረዳቸው ሸኽ ወይም ቄስ ስላጡ ነው። እርጉም ከማለትዎ በፊት አንዷን ቤትዎ ጠርተው ደብተሯን ቢያዩላት እወዳለሁ።

ለዝግጅት ክፍሉ ደግሞ ልመና አለኝ። በሕግ ዓምዳችሁ ላይ አንድ የሕግ ባለሙያ የሚከተለውን እንዲያብራራልን አድርጉ፤ ካርታው በእናት ስም የሆነ፣ ቦታው ከሟች አባት የመጣ፣ ቤቱ ደግሞ ውጭ ባለች ልጅና በእናት ገንዘብ አብሮ የተሠራ ከሆነ፣ እናትየው በሕይወት እያለች የሁለቱን ድርሻ ሌሎቹ ልጆች ሳይጎዱ በሕግ ፊት የሚጸና አድርጎ መጻፍ የሚቻለው እንዴት ነው? የት ይኬዳል? ምን ያህል ይከፈላል? በቀላል አማርኛ ይሁን፤ ለእናቴ የማነብላት እኔ ነኝ። በእኛ ሰፈር ብቻ ይህን የሚጠብቁ ቤቶች ብዙ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር
ዘ. መ.
ከኮምቦልቻ